የእሜቴ ድንጋይ

ነይ እስኪ፣ ቁጭ በይ። ሻይሽን ግን አሁን አትጠጪ፣ ስነግርሽ ትን ይልሻል። አውቅሻለሁ እኮ፣ «ቤታቸው መኪና ነው» ስልሽ መጀመሪያ የምትዪው «ውይ ሲያስቀኑ!» ነው። ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ከውጭ ላያት ታስቀናለች፣ አዎ። መስኮቷ ላይ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ጣሪያዋ ላይ የውሃ በርሜል፣ ጎኗ ላይ በትልቁ «የልብስ ስፌት ማሽን እንጠግናለን» የሚል ጽሁፍ። ውስጧ የምታድረውን ልጅ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እሷን ብትጠይቂያት የምትነግርሽ ስለ ፍርሃት ነው።

ልጅቷን ቤተሰቦቿ «ታኮ» ነው የሚሏት። አጭር ስለሆነች የጫማ ታኮ ያስፈልጋታል ለማለት የሚመስላቸው አሉ። እሱም ውሸት አይደለም፣ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ስር የሚወሸቀውስ፣ እንጨትም ይሁን ድንጋይ፣ ታኮ አይደል የሚባለው? የሷ ሥራ እሱ ነበር። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ትምህርት እስከጨረሰችበት እስከ አስራ ስምንት ድረስ ድንጋይ ማስገባት፣ ድንጋይ ማውጣት።

መኪናዋ ደግሞ «እሜቴ» ትባላለች። ከአባትየው በዕድሜ ስለምትበልጥ ክብር ይገባታል ተብሎ ነው። ስለሷ ሲቀልዱም በአንቱታ ነው። «እሜቴ ዛሬ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው» ይላል አባትየው ስትንተፋተፍ። «እሜቴ ተቀየሙ» ትላለች እናትየው ጭራሽ ዝም ስትል። እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ታኮ ግን አትስቅም።

ችግሩ የጀመረው ከሞተሪኖው ነው፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ቀስቅሶ ከሚያስነሳው ዕቃ። ድሮ ሞቷል። ቁልፉን ስታዞሪው «ጠቅ» ትልና በቃ፣ ጸጥ። ስለዚህ ሁሌም የሚያቆሟት ቁልቁለት ላይ ነው፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገው። ጠዋት ድንጋዩ ከጎማው ስር ይወጣል፣ እሜቴ ትንከባለላለች፣ ፍጥነት ስትይዝ አባትየው ማርሽ ያስገባና የረገጠውን ፍሪሲዮን በአንዴ ይለቀዋል፣ እሷም ዝሆን እንዳስነጠሰበት ሰው ደንግጣ ትነሳለች። የእጅ ፍሬኗ ገመድ ከተበጠሰ ዓመት አልፎታል። የእግር ፍሬኗ ደግሞ አንዴ ሲረገጥ ባዶ ነው፣ ሁለቴም ባዶ ነው፣ በሶስተኛው ነው የሚይዘው። አባትየው ሁሌ እየቆጠረ ነው የሚረግጠው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ ጎሽ እሜቴ!» የጎን በሯ አይዘጋም፣ በገመድ ነው የሚታሰረው። ምን አለፋሽ፣ ያልታመመው ቀለሟ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ እያለ ደግሞ ሚጣ አለች።

ሚጣ የታኮ ትንሽ እህት ናት፣ አራት ዓመቷ። የእሜቴ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የሚጣ ፍራሽ የተዘረጋው ልክ ሞተሩ ላይ ነው። ከስር ይሞቃታል፣ ይንቀጠቀጥላታል። እንደ እሹሩሩ ነው ለሷ። ሞተሩ እየሰራ ከሆነ መድፍ ቢተኮስ አትነቃም። ሞተሩ ሲጠፋ ነው ዓይኗን ገልጣ «ደረስን?» የምትለው።

የታኮ ፍርሃት አንድ ነው። አንድ ቀን ማንም ሳያስበው እሜቴ ትንከባለላለች፣ ሚጣም እንደተኛች አብራ ትሄዳለች። ይሄው ነው። ይሄን እያሰበች ነው የምትተኛው፣ ይሄን እያሰበች ነው የምትነሳው።

ለዚህም ሕግ አላቸው። አባትየው መሪው ጋ ይቀመጥና እግሩን ፍሬን ላይ ያደርጋል። ታኮ ጎማው ጋ ቁጢጥ ትልና ጮክ ብላ «ላንሳ?» ትላለች። እሱ ሶስቴ ረግጦ፣ ፍሬኑ መያዙን እግሩ ሲነግረው «ይዣለሁ!» ይላል። «ይዣለሁ» ካልተባለ ሰማይ ቢወድቅ ድንጋዩ አይነካም። አስር ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ላንሳ፣ ይዣለሁ። ሚጣ እንኳን አሻንጉሊቶቿን አሰልፋ የምትጫወተው እሱን ነው።

ድንጋዩ ራሱ የትም የሚለቀም ድንጋይ አይደለም። ጥቁር ነው፣ ባለ ሶስት ጎን፣ ለጎማ የተጠረበ ነው የሚመስለው። ሲነዱ በሩ ስር ይቀመጣል፣ ሲቆሙ ይወርዳል። ታኮ መሽቶ ከመተኛቷ በፊት ሁለቴ ወጥታ በእግሯ ትነካዋለች። አንዳንዴ ሶስቴ።

«ኧረ ልጄ፣ ድንጋዩ እግር የለው!» ይላታል አባቷ።

«እሜቴ ግን አራት ጎማ አላት፣ አባዬ።»

ጓደኛዋ ሎሚም ታሾፍባታለች። ሎሚ አንድ ክረምት አብራት የተማረች ልጅ ናት፤ ፊቷን ሁሌ ስለምታኮማትር ነው ሎሚ የተባለችው። ከተለያዩ በኋላም በስልክ ድምጽ ይላላካሉ። ሎሚ «እንዴት አደርሽ» ብላ አታውቅም፤ ሰላምታዋ «ድንጋይሽ ደህና አደረ?» ነው።

ፍርሃቷ በባዶ ሜዳ የመጣ እንዳይመስልሽ። ከሁለት ወር በፊት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ለጥ ያለች ቁልቁለት ላይ ቆሙ። ቁልቁለት ለማለትም የምታሳፍር። አባትየው «ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ድንጋይ አያስፈልግም» አለ። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ንቅንቅ አትልማ። ታኮ በሩ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ከዛ «ጢቅ» የሚል ነገር ሰማች፣ ከኋላ። ዝም። ሽንኩርቷን ቀጠለች። «ጢቅ»። ቀና አለች። ፊት ለፊቷ የነበረው የመብራት ምሰሶ ቅድም በሩ መሀል ነበር፤ አሁን በሩ ጫፍ ላይ ነው።

ምሰሶ ይሄዳል እንዴ? አይሄድም። ቢላዋውን ወርውራ ዘላ ወረደችና ድንጋዩን ወሸቀችው።

በማግስቱ የጋራዡ ሰውዬ፣ ጸጉሩ ሁሉ የሸበተ መካኒክ፣ ሞተሩን አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ትንፋሽ የላትም» አለ። «ጤነኛ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ውጥር አድርጎ ይይዝሻል። የዚች አልቋል። ትንሽ ትይዛለች፣ ሲደክማት ትለቃለች። ትይዛለች፣ ትለቃለች።»

«ማታስ፣ ጋሼ?» አለች ታኮ። «ማታም ይደክማታል?»

መካኒኩ ሳቀ። «ድካም ሰዓት ይመርጣል እንዴ? ድንጋይሽን አጥብቂ እንጂ።»

ከዛ ቀን በኋላ በቃ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሰው በር ሲዘጋ «ጢቅ» ካለ ትዘላለች። ሰዓት «ጢቅ» ሲል ልቧ ይወርዳል። የእናቷ መቀስ እንኳን ክር ስትቆርጥ ያስደነግጣታል። እናትየው ለልብስ ሰፊዎች ስለምትዘመዝምና ቁልፍ ስለምትተክል ያ መቀስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰራው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ልምጣልሽ።

ልብስ ሰፊዎች የበዙባት አንዲት ከተማ ገቡ። ማሽን የሚበላሽበት ሰፊ ሞልቷል፣ ሥራ አለ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ቁልቁለት ግን የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጎን የሚወርድ ጠባብ መንገድ። ግራና ቀኙ ግንብ፣ ታች ደግሞ ከዋናው አስፋልት ጋር ይገናኛል፤ ጭነት የያዙ ከባድ መኪኖች እንደ ነፋስ የሚያልፉበት አስፋልት። ታኮ ከላይ ሆና ቁልቁል አየች። አንድ ትልቅ መኪና በመንገዱ አፍ ላይ ቩም ብሎ አለፈ፣ ግንቡ ነዘረ።

«አባዬ፣ እዚህ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ታች ያለውን አታየውም?»

«እኔ ላይ ነኝ፣ ታች ምን አገባኝ!»

«አባዬ ሙት፣ ሌላ ቦታ እንፈልግ።»

«አንቺ ልጅ፣ ቁልቁለት ከየት ልውለድልሽ? ድንጋይ አለሽ፣ እኔ አለሁ፣ ምን ቀረ?» ወደ እናትየው ዞረ። «ይቺን ልጅ ፈሪ ያደረግሻት አንቺ ነሽ።»

«ደፋር መሆንን ደግሞ ከአንተ ተምራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ገደል ውስጥ ነበርን» አለች እናትየው፣ መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ።

ተሳሳቁና አለፈ። ሶስት ቀን አደሩባት ያቺን ቁልቁለት። ታኮ ሶስቱንም ቀን አልተኛችም ማለት ይቻላል። ዓይኗን ስትጨፍን ቩም ይላል አስፋልቱ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሚሄዱበት ሰዓት ደረሰ። እናትየው የመጨረሻውን የተጠገነ ማሽን በጋሪ አስጭና ሰፊው ጋ ለማድረስ ሄዳለች። ከዛ ታች ዋናው መንገድ ዳር ሊያነሷት ተስማምተዋል። ሚጣ ሌሊቱን ስትነጫነጭ ስላደረች ፍራሿ ላይ ተኝታለች። ሞተሩ ሳይሰራ እንዴት እንደተኛች እንጃ፣ ደክሟት ነው መሰለኝ። አባትየው መሪው ጋ ወጥቶ ቁልፉን ከፍቷል፣ እግሩም ፍሬን ላይ ነው።

ልክ በዚህ ሰዓት የሚጣ የቆርቆሮ ኩባያ ከበሩ ወደቀና ቁልቁል መንከባለል ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ።

«ቆይ አባዬ፣ ላምጣው!» ብላ ታኮ ተከተለችው። ኩባያው ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ግንቡ ጋ ቆመ። አንስታ አፈሩን በቀሚሷ እየጠረገች ተመለሰች። ፀሐይዋ የእሜቴ የፊት መስታወት ላይ አርፋ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው የሚታየው፣ ውስጥ ማን እንዳለ አይለይም። ለነገሩ ለማየትም አላሰበችም። ማንን ልታይ? አባቷ እዛ ነው፣ አስር ዓመት ሙሉ እዛ ነው።

እሱ ግን እዛ አልነበረም። ኩባያውን ልታመጣ ስትሄድ «እስክትመጣ ቺንጋዋን ልያት» ብሎ ወርዶ ከኋላ የሞተሩን ክዳን ከፍቷል። ወደዚች ከተማ ሲገቡ ቺንጋዋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ስታፏጭ ሰምቶ ነበር። ጭንቅላቱን ሞተሩ ውስጥ ቀብሮ በጣቱ ቀበቶውን እየዳሰሰ ነው።

ታኮ ኩባያውን በበሩ ወደ ውስጥ ወረወረች፣ የፊተኛው ጎማ ጋ ቁጢጥ አለች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ላንሳ?»

«ይዣለሁ!»

ድምጹ ከኋላ ሆኖ በመኪናው ውስጥ አልፎ በመስኮቱ ወጣ። መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ሁሌም የሚሰማት እንደዛው ነው። አየሽ፣ ሰውየው አልዋሸም። አስር ዓመት ሙሉ «ላንሳ» ሲባል «ይዣለሁ» ያለ አፍ ነው። አፉ መለሰ። እሱ ቀበቶው ጋ ነበር።

ታኮ ድንጋዩን ወዘወዘችና አወጣችው።

ሌላ ጊዜ ድንጋዩ ሲወጣ እሜቴ ትንሽ ትተነፍስና ባለችበት ትቆማለች። ታኮ ትነሳለች፣ በሩን ታልፋለች፣ ትገባለች፣ ያኔ ነው የሚለቀው። ዛሬ ጎማው በጫማዋ ጫፍ ላይ ተንከባሎ አለፈ። ለስለስ ብሎ፣ ድምጽ እንኳን ሳያሰማ።

«አባዬ ቆይ እንጂ፣ አልገባሁም!» አለች፣ እየተቆጣች።

በሩ በአጠገቧ አለፈ። መጋረጃው አለፈ። «ልብስ ስፌት» የሚለው ጽሁፍ፣ ከዛ «እንጠግናለን» የሚለው አለፈ። እና እሜቴ ሙሉ በሙሉ ስታልፍ፣ መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ አባቷ ቆሟል። ጎንበስ እንዳለ፣ ሁለት እጁ በቅባት ጠቁሮ አየር ላይ፣ ሞተር ከሌለበት ቦታ ሞተር እየነካ።

ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ለአንድ ትንፋሽ ሁለቱም እንደ ምሰሶ ቆመው ቀሩ፣ ክዳኗን ከፍታ የምትሄደውን እሜቴን እያዩ። በተከፈተው ክዳን ላይ፣ በኋላ መስታወቱ በኩል፣ የሚጣ ቀይ ብርድ ልብስ ይታያል።

ከዛ ሮጠች።

እንዴት እንደሮጠች አትጠይቂኝ፣ እሷም አታውቀውም። ድንጋዩን አልጣለችውም እኮ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ያን የሚያህል ድንጋይ ደረቷ ላይ አቅፋ ነው የምትሮጠው። ከኋላዋ የአባቷ ጫማ ጧ ጧ ሲል ይሰማታል፣ ከዛ አንዱ ብቻ ጧ ሲል፤ አንዱ ወልቋል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከበራፏ ብቅ ብላ «ኡኡ!» አለች።

እሜቴ ገና አልፈጠነችም። ገና ነበረች። ታኮ በሩ ጋ ደረሰች፣ ድንጋዩን ወደ ውስጥ ወረወረችው፣ የበሩን ገመድ በሁለት እጇ ጨበጠች። መሬቱ ጉልበቷን ላጠው። ተጎተተች። ገመዱ መዳፏን እንደ እሳት ፈጀው። «እማዬ» አለች፣ ለምን እማዬ እንዳለች እንጃ፣ እና አንድ እግሯ ደረጃው ላይ አረፈ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ገባች።

ውስጡ ቤታቸው ነው። ምንጣፉ፣ ድስቱ፣ የእናቷ የክር ሳጥን፣ ሁሉም ወደፊት እየተንሸራተተ ነው። ከኋላ ሚጣ ለጥ ብላ ተኝታለች፣ አፏን ከፍታ።

በመስታወቱ ውስጥ የዋናው መንገድ አፍ እየሰፋ መጣ። አንድ ከባድ መኪና አለፈ። ወዲያው ሌላ።

ታኮ መንዳት አትችልም። አስተምሯት አያውቅም። «ያንቺ ሥራ ድንጋይ ነው» ነበር የሚላት። ግን አስር ዓመት ሙሉ ከበሩ ገብታ ከኋላው ቆማ ሰምታዋለች፣ እግሩ የሚለውን፣ እጁ የሚለውን። ወንበሩ ላይ ተወረወረች። እግሯ ፍሬኑ ጋ አይደርስም፣ ጫፉ ላይ ተንሸራታ መሪው ደረቷን ነካት። ረገጠች።

ባዶ።

ረገጠች። ባዶ። እግሯ ድንብርብሩ ወጥቶ ፍሬኑን ሳተ፣ መቁጠሩ ተበላሸ። አስፋልቱ ቀረበ፣ አሁን የመኪኖቹ ጎማ ይታያል። «ማርሽ» አለች ለራሷ። ፍሪሲዮኑን ረግጣ የማርሹን ዱላ በሁለት እጇ ወደታች ሳበችው። ገባ ወይስ አልገባም? ለቀቀችው።

እሜቴ ተንገጫገጨች። አነጠሰች። ክዳኗ እንደተከፈተ ከኋላ ፈነዳች፣ ተነሳች! በደህናው ቀን ለመነሳት ሶስት ቁልቁለት የምታስወርድ አሮጊት በአንድ ጊዜ ተነሳችና ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ውጥር አድርጋ ያዘች። ፍጥነቷ ቀነሰ። ቆመች ግን አይደለም፣ እየጎተተች ነው የምትወርደው።

«አንድ» አለች ታኮ ጮክ ብላ። ረገጠች። «ሁለት።» ጥሩምባ እያንባረቀ የሚመጣ መኪና ይሰማል፣ ከግራ ይሁን ከቀኝ አይለይም። «ሶስት!»

ያዘ።

እሜቴ አፍንጫዋን ወደታች ደፋች፣ ሞተሩ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው «ኽ» ብሎ ጠፋ። የፊት ጎማዎቿ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ናቸው። ቩም! ከባዱ መኪና በአፍንጫዋ ስር አለፈ። ንፋሱ መጋረጃዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ነፋቸው፣ ድስቱ ተንኳኳ፣ ታኮ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው አቧራ ብቻ ነበር።

ጸጥ አለ። ከዛ ከኋላ እንቅልፍ የተጫነው ድምጽ መጣ።

«ደረስን?»

ታኮ እግሯን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አትችልም፣ ካነሳች እሜቴ ትሄዳለች። አባትየው በአንድ ጫማ ደረሰ። በመስኮቱ ሚጣን አየ፣ ታኮን አየ። በበሩ ገብቶ ከወደቀበት ድንጋዩን አነሳና ወርዶ ጎማው ስር አደረገው። በእጁ ገፋው፣ በእግሩ መታው፣ ደግሞ በእጁ ገፋው።

«ልቀቂ» አላት።

«አለቅም።»

«ገብቷል፣ ልጄ።»

«ልየው።»

በመሪው በኩል ያለውን በር ከፈተላት። አንገቷን አስግጋ ድንጋዩን አየች። ከዛ ለቀቀች።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሽርጧን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ምን ጉድ ነው ልጄ! ድንጋይ ተሸክመሽ ስትሮጪ እኮ ሰው ልትፈነክቺ መስሎኝ ነው ኡኡ ያልኩት! ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

ታኮ ሳቀች። ሳቁ ግን መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት፣ ጥርሷ መንቀጫቀጭ ጀመረ፣ ሴትዮዋም ሽርጧን ፈታ አለበሰቻት።

አባትየው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፣ ባዶ እግሩን ዘርግቶ።

«ላንሳ ብለሽ ጠይቀሻል?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ጠይቄያለሁ።»

«እኔስ?»

ልትነግረው አልፈለገችም። ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታበት አታውቅም፣ ከመኪናው በላይ አስፈራት።

«እኔስ ምን አልኩ፣ ታኮዬ?»

«ይዣለሁ አልክ።»

በቅባት የጠቆረ እጁን አገላብጦ አየው። «አላስታውሰውም» አለ። «ወላሂ አላስታውሰውም።»

እናትየው ክር ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ከታች መጣች። ሴትዮዋ ነገረቻት፣ እሱ ነገራት፣ ታኮም ነገረቻት። ሶስቱንም ጨርሳ ሰማች። አልጮኸችም። ሚጣን አቅፋ አወረደቻት፣ ኩባያዋን ሰጠቻት፣ ከዛ ለባሏ አለችው፣ ቀስ ብላ፦

«ከእንግዲህ እሜቴ በራሷ ካልተነሳች አትነሳም።»

«እሺ» አለ።

«ሞተሪኖ ይገባላታል፣ የእጅ ፍሬን ይገባላታል። እስከዛ ሜዳ ላይ ነን።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ሰው ተጠርቶ እየተገፋች ከሰፊዎቹ ሱቅ ጀርባ ያለ ሜዳ ላይ ቆመች፤ እንቁላል ብታስቀምጪበት የማይንከባለል ሜዳ። ታኮ ግን ድንጋዩን ወሸቀችው። ሌላም ድንጋይ ፈልጋ በጎማው በሌላኛው በኩል ወሸቀች። ማንም አልሳቀባትም። ያ ነው የባሰ ያስፈራት፣ እንዳልሳቁባት ስታይ።

ምሽት ላይ ዳቦ በሻይ ቀርቧል። ታኮ መዳፏ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓይኗን ባርገበገበች ቁጥር ጎማው በጫማዋ ጫፍ ላይ ያልፋል፣ ለስለስ ብሎ። ሚጣ ፍራሿ ላይ አሻንጉሊቶቿን አሰልፋለች። ከዛ ድንገት፣ በዛ ቀጭን ድምጿ፣

«ላንሳ?»

የእናትየው ኩባያ አየር ላይ ቀረ። ታኮ ጉሮሮዋ ላይ ያለው ዳቦ አልወርድ አላት። አባትየው አፉን ከፈተ። ቃሉ እዛ ነበር፣ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር፣ አይታዋለች። በእጁ አፉን ያዘ።

«ላንሳ ወይ?» አለች ሚጣ፣ እየተቆጣች።

አባትየው ተነሳ። ወደፊት ሄደ፣ መሪው ጋ ተቀመጠ። ሜዳ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መሀል፣ ሞተሩ በሞተ መኪና ውስጥ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት» ሲል ሰሙት። ከዛ ዞር ብሎ ሚጣን ዓይን ዓይኗን አያትና «አሁን ይዣለሁ» አላት።

ሚጣ አሻንጉሊቷን አነሳች። ታኮ ዳቦውን ዋጠችው።

ሊነጋጋ ሲል ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማች። በመጋረጃው ስንጥቅ አየች። አባቷ ነው፣ ካፖርት ደርቦ፣ ጎማው ጋ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በእጁ ይገፋል። ሲያሾፍባት የነበረው ሰውዬ! ገፋው፣ ሄደ፣ ሶስት እርምጃ ተራምዶ ተመለሰና ደግሞ ገፋው። ይሄን ስታይ እፎይ ማለት ነበረባት አይደል? አላለችም። እሷ ስትፈራ እሱ ስለማይፈራ ነበር ለካ የምትተኛው። አሁን ሁለቱም ፈሩ።

ስልኳን ይዛ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባችና ለሎሚ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት፣ ኩባያውን፣ «ይዣለሁ»ን፣ ድንጋዩን አቅፋ መሮጧን፣ ሚጣ «ደረስን» ማለቷን። መጨረሻ ላይ «ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሎሚ፣ በእጄ ነው ያወጣሁት» አለችና ድምጿ ተቆረጠ።

ከዛ የሎሚ መልስ መጣ። ታኮ ለኔም አሰምታኛለች፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸውልሽ፦

«ውይ ታኮዬ... መጀመሪያ ሂጂና ድንጋይሽን አይተሽ ነይ። ከዛ አብረን እናለቅሳለን።»